በመስመር የበቀለ የጅብ ሽንኩርት

ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ቀወት ቆላ ገጠሮች የሚገባው የጠጠር መንገድ ሲሠራ እኔ የመሐንዲሱ አስተርጓሚ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆን ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ሸዋ ሮቢት አንድ ሆቴል እንግዳ ስቀበል ቆይቼ ነበር፤ እንግሊዝኛዬም አብዛኛው ከዚያው ከእንግዶች የተለቀመ ነው። ጊዜው ኢሕአዴግ የተደላደለበት፣ "ልማት" የሚለው ቃል ከአንድም ስብሰባ የማይጠፋበት ዘመን ነበር። እኔም ቃሉን ከልቤ አምነው ነበር። መንገድ ይሠራል፣ እኔም በመንገዱ ውስጥ አለሁበት። ጠዋት ጠዋት የመሐንዲሱ መኪና ጀውሃ አጠገብ ካለው መንደራችን መጥታ ስትወስደኝ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር፤ አባቴም በር ላይ ቆሞ ይሸኘኝ ነበር።

አባቴን በአካባቢው የማያውቀው የለም። ጋሽ ተሰማ ያልገላገለው ጠብ፣ ያላስታረቀው ባልና ሚስት የለም ይባላል። ድንበር ተገፋ ሲባል እሱ ይጠራል፤ ደም ሲቃቡ እሱ ይጠራል። ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያዳምጠው። እኔም ሰው "የማን ልጅ ነሽ?" ሲለኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምመልሰው።

መሐንዲሱ ሚስተር ኦካዳ የሚባሉ ጃፓናዊ ናቸው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ከሲታ፣ ፀሐዩ እንዲያ እየፈጀን እጅጌያቸውን የማይሰበስቡ ሰው። መንገዱን የሚሠራው የሀገር ውስጥ ተቋራጭ ነው፤ የእሳቸው ሥራ በውሉ መሠረት መሠራቱን ማየትና መፈረም ነበር። ብዙ አያወሩም። የተቋራጩ ሳይት ማናጀር ግን በየቀኑ ያማቸዋል፤ ቁጥብነታቸውን ንቀት አድርጎ ነበር የወሰደው።

ከጀውሃ ወደ ውስጥ ሲገባ በስተግራ አንድ ዝቅ ያለ ጉብታ አለ። ጠጠራማ አፈሩ፣ ገረጋንቲው፣ ለመንገድ ሙሌት ጥሩ ነው ተብሎ፣ ተቋራጩ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ከግርጌው በዶዘር እየገፋ በገልባጭ መኪና ያመላልስ ነበር። ከዚያ የበልግ ዝናብ ጣለና ሥራው ቆመ። ዝናቡ ሲያባራ፣ ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ሚስተር ኦካዳና እኔ ሥራውን ልናይ ሄድን። ዶዘሩ ተነሥቶ ወደ ጉብታው ወገብ እየወጣ ነበር። ወገቡም ቀልቷል።

የጅብ ሽንኩርት ነው። የቆላ ሰው ያውቀዋል። በበጋ የት እንዳለ አይታወቅም። ዝናብ መሬቱን ሲያረሰርሰው አንድ ለስላሳ ዘንግ ከአፈሩ ይመዘዝና ጫፉ ላይ ደም የመሰለ ክብ አበባ ይፈነዳል፤ የሕፃን ራስ ያህላል። ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም። ሥሩ መርዝ ስለሆነ ከብት አይነካውም፣ እኛንም ልጆች ሆነን እንዳንነካው ይቆጡን ነበር።

ሚስተር ኦካዳ ከመኪናው ወረዱና ቆሙ። ከዚያ በአበባዎቹ መካከል ወደ ላይ ሄዱ፣ ወደ ታች ተመለሱ፣ ደግሞ በአግድም ሄዱ። እጃቸውን አንሥተው ዶዘሩን አስቆሙት። ኦፕሬተሩ ሰይድ የካራቆሬ ልጅ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተቀመጠ።

"እዚህ የተቀበረው ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ" አሉኝ።

ሳይት ማናጀሩን ጠየቅሁት። ሳቀ። እዚህ ማንም አልተቀበረም፣ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ መስጊድ የለ አለ። ቀጥሎ ለእሳቸው እንዳልተረጉም አስጠንቅቆ፣ አበባ አይቶ ዶዘር የሚያቆም መሐንዲስ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም አለኝ።

ሚስተር ኦካዳ ጥላ ፈልገው ተቀመጡና አስረዱኝ። በሀገራቸው ከዚህ የማይርቅ ቀይ የዱር አበባ አለ። የእነሱ የሚያብበው በእኛ መስከረም ላይ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ሰሞን ነው። ያ ሰሞን ቤተሰብ ሁሉ ወደ መቃብር የሚሄድበት፣ የሙታን መታሰቢያ ጊዜ ነው። ሙታን ከወንዝ ማዶ ናቸው ብለው ስለሚያምኑ አበባውን በዚያው በማዶው ስም ይጠሩታል። ውብ ነው፣ ግን ማንም ቤቱ አያስገባውም፤ ቤት ያቃጥላል ይባላል። እሳቸው ራሳቸው ልጅ ሆነው አንድ ዘለላ ይዘው ቢገቡ እናታቸው ከእጃቸው ነጥቀው ውጭ ጣሉት። ሥሩ መርዝ ስለሆነ የጥንት ገበሬዎች በእርሻቸው ድንበርና በመቃብራቸው ዙሪያ ይተክሉት ነበር፤ አፈር የሚቆፍር አውሬ ሬሳውን እንዳይነካ። በሀገራቸው ሰው በሌለበት ጫካ ይህ አበባ ተሰልፎ ከታየ እዚያ ድሮ መንደር ወይም መቃብር ነበር ማለት ነው።

"ሀገሩ ሌላ ነው፣ አበባውም ሌላ ሊሆን ይችላል" አሉና በስሜ ጠሩኝ። "ግን አለም፣ የዱር አበባ በመስመር አይበቅልም።"

ያኔ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። እውነትም መስመር ነበር። ከዚያ ሌላ መስመር፣ ከዚያም ሌላ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ሳልፍ ቀይ መሆኑን እንጂ መሰለፉን አላየሁም።

ሥራው እስከ ማግሥቱ እንዲቆም አዘዙ። የአካባቢው ሽማግሌዎች መጥተው በእሳቸው ፊት ይመስክሩ፣ መቃብር የለም ከተባለ ይቀጥላል አሉ። ማናጀሩ ተናድዶ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሊጠራ ሄደ።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ጓሮ ለሽንኩርቱ መደብ ውሃ እየመራች ነበር። የፈረንጁን ነገር እንደ ቀልድ አድርጌ አወራኋት። ውሃው መደቡን ሞልቶ ወደ መንገዱ ሲፈስ ቆማ ታየዋለች። ከዚያ ቦዩን ዘጋችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከጉብታው ሥር መጠለያ ነበር አለችኝ። ከሰሜንም፣ ከደጋውም፣ ከየቆላውም ሰው እየተጎተተ መጥቶ እዚያ ይወድቅ ነበር። በየቀኑ ይሞታል። ቀባሪ ተፈለገና አባቴ በስንዴ ተቀጠረ። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ጉድጓዱ አይጠልቅም። ሲመሽ ጅብ ይመጣና ይቆፍራል፤ ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ጅብ የራሱ ሽንኩርት ያለበትን አፈር አይገለብጥም ሲባል ሰምታ፣ እሷና ሁለት ጎረቤቶቿ ከወንዙ ዳር ሥሩን እየነቀሉ በየራስጌው ተከሉ። ሁለቱ ሴቶች ዛሬ በሕይወት የሉም።

ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም አልኳት።

"አባትሽ እንዲነሣ አይወድም" አለች።

ነገ ሽማግሌ ተጠርቷል፣ አባዬ ከተጠራ ይመሰክራል ወይ አልኳት። ይመሰክራል እንጂ፣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ አለችኝ። አባቴ ያን ምሽት ከሊቀመንበሩ ጋር ቆይቶ ነው የገባው፤ እኔም በሰላም ተኛሁ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሚስተር ኦካዳ ሽማግሌዎቹን እንዳመጣ ወደ ጀውሃ ላኩኝ። አንዱ ሥጋ ቤት ጓሮ፣ ከዳስ ሥር አገኘኋቸው። ማናጀሩ አለ፣ ሊቀመንበሩ አለ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፣ በመካከላቸው አባቴ። ፊት ለፊታቸው ጥሬ ሥጋ ተከምሯል። ዝንብ ሥጋውንም ከንፈራቸውንም ሳይለይ ያርፍበታል። የአባቴ ጢም በጮማ ረጥቧል።

እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ። የተመረጠው እሱ ከሆነ እውነቱ ይወጣል ብዬ ነው። አጠገቡ ሄጄ "እንኳን አንተ ሆንክ አባዬ" አልኩት። ዓይኔን አላየኝም። አንድ ቁራጭ ቆርጦ በአዋዜ ነክሮ አጎረሰኝ። ከአባት እጅ ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ዋጥኩት።

ጉብታው ላይ ስንደርስ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ሊቀመንበሩ ስለ ልማት ተናገረ፤ በአሉባልታ ልማት የሚያደናቅፉ አሉ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየተራ ተነሥተው ነገሩን ጋሽ ተሰማ ያውቃል ብለው ተቀመጡ። አባቴ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ያንን ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚሰማውን ድምፁን አወጣ።

"ተወልጄ ያደግሁበት ነው። የከብት መዋያ ነበር። እዚህ ጉብታ ላይ የሰው ሬሳ አላረፈም፤ ሚካኤልን።"

ሚስተር ኦካዳ ወደ እኔ ዞሩ።

ጮማው ገና ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ያቺን ቅጽበት እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ አገላብጫታለሁ። እናቴ ዋሽታኝ ይሆን ብዬ አንድ አፍታ አስቤአለሁ። ግን አበባው ፊት ለፊቴ ተሰልፏል። ሥራዬ መተርጎም ነውና የተናገረውን ቃል በቃል ተረጎምኩት፣ መሐላውን ጭምር። ከዚያ በዚያው በእንግሊዝኛ ቀጠልኩ። ይህ ሰው አባቴ ነው፤ የተናገረው ውሸት ነው፤ አበባዎቹን የተከለችው እናቴ ናት፣ የቀበረው ራሱ ነው አልኩ።

ሚስተር ኦካዳ አባቴን አዩት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ጠየቁኝ።

"አሁን ያልሽውን በአማርኛ ድገሚው። ስለ እሱ የተባለውን ሊሰማ ይገባል።"

በባዕድ ቋንቋ አባትን መክሰስ ቀላል ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ፊቱን እያዩ፣ በመንደሩ ሰው ፊት ሌላ ነገር ነው። ወደ አባቴ ዞሬ ደገምኩት።

ሊቀመንበሩ የማን ቅጥረኛ ነሽ አለኝ። ማናጀሩ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም አለ፤ ቀጣሪዬ እሱ እንዳልሆነ እንኳ ረስቶት። አባቴ ግን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ያንን ባልና ሚስት የሚያስታርቅበትን ፊቱን አድርጎ ወደ ሰዉ ዞረ።

"ልጄን ይቅር በሏት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያማታል፣ አንዳንዴ የማይሆን ነገር ትናገራለች። እኛ ደብቀን ነው ያሳደግናት።"

ሰዉ በሐዘኔታ ያየኝ ጀመር። አንዷ ሠራተኛ "ወይኔ" ስትል ሰማኋት። በሕይወቴ ታምሜ የማውቀው ወባ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው በአባቴ ላይ የተሰማኝ ነገር ቁጣ ሳይሆን ሌላ መሆኑ የገባኝ። በባዶ እግሬ የበሰበሰ ለስላሳ ነገር የረገጥኩ ያህል ነበር። ይህን ያህል ቀላል ከሆነለት ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን የድንበር ጠብ እንዲህ "አስታርቋል" ብዬ አሰብኩ።

ሰይድ ከዶዘሩ ወረደ። ቀስ ብሎ መጣና፣ ከዝናቡ በፊት ከግርጌው ሲገፋ አጥንት አይቶ እንደነበር፣ ለማናጀሩ ሲነግረው የአህያ ነው ጫን እንደተባለ ተናገረ። "የአህያ መንጋጋ አውቃለሁ" አለ። "ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።"

ሚስተር ኦካዳ ዶዘሩ እንዳይነካ አዝዘው፣ በአንዱ አበባ ሥር በአካፋ ቀስ ተብሎ እንዲቆፈር አደረጉ። ጉልበት እንኳ ሳይደርስ አጥንት ተገኘ። የአዋቂ የጎድን አጥንት፣ ቀጥሎም ከእሱ ጋር የተኛ ትንሽ መንጋጋ፤ ጥርሱ ገና ያልወጣ። ሁለተኛው አበባ ሥር ሌላ። ሦስተኛውን ሳይጨርሱ በቃ አሉ።

ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ሲፈልጉ ቆዩና ቀና አሉ። በእንዲህ ያለ ደረቅ ድንጋይ ውስጥ የጨርቅ ክር ወይም ቁልፍ ቢቀር ይገኝ ነበር፤ ምንም የለም፤ ሰዎቹ በምን ተጠቅልለው ነበር የተቀበሩት ብለሽ አባትሽን ጠይቂልኝ አሉኝ። ጠየቅሁት። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ጀመር።

የመለሰችው እናቴ ናት። መቼ እንደመጣች አላየሁም፤ በእግሯ መጥታ ከሠራተኞቹ ኋላ ቆማ ነበር።

"ብርድ ልብስ ነበራቸው" አለች። "መጠለያው ለእያንዳንዱ ሬሳ አንዳንድ ይሰጥ ነበር። እሱ እየገፈፈ አጣዬ ገበያ ወስዶ ይሸጠው ነበር። እነዚህን ሁሉ ራቁታቸውን ነው የቀበራቸው።"

ሚስተር ኦካዳ ትርጉሙን እየጠበቁ ያዩኛል። ተረጎምኩት። እያንዳንዱን ቃል። ከዚያ ከዶዘሩ ኋላ ሄጄ የአባቴን ጉርሻ፣ ጠዋት የበላሁትን፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስመለስኩ። ሆዴ ባዶ ሆኖም ማስመለሱ አልቆመም።

ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ፤ እንደምታስቡት አላለቀም።

ቁፋሮው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። የተቆፈሩት አጥንቶች ተመልሰው ተቀበሩ፤ የማን ክርስቲያን የማን እስላም እንደሆነ ስለማይታወቅ ቄስም ሼኽም ተጠርተው በየተራ ጸለዩ። ከዝናቡ በፊት ተጭኖ የሄደው ግን ሄዷል። ሚስተር ኦካዳ ያ የመንገድ ክፍል ተከፍቶ አጥንቱ ይለቀም አሉ። ስብሰባ ተጠራ። ልማት ወደ ኋላ አይመለስም ተባለ፤ አንዱ የወረዳ ሰው ደግሞ ለሞተ ሰው ብለን ሕያውን መንገድ አናሳጣም አለ፣ ተጨበጨበለት። ያንን ሁሉ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩ። እሳቸው ለዚያ ክፍል አልፈርምም አሉ። ሌላ ፈራሚ ተገኘ፣ ሮለር ሄደበት፤ እሳቸውም ክረምቱ ሳይገባ ውላቸው ተቋርጦ ሄዱ። ሊሄዱ ሲሉ ጉብታው ላይ አብረን ወጣን። አበባው አልቆ ሰፋፊ ቅጠሉ ወጥቷል። በሀገራቸው ያ ቀይ አበባና ቅጠሉ ተያይተው አያውቁም ይባላል አሉኝ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ሄዷል። ወገባቸውን ጎንበስ አድርገው ለመቃብሮቹ እጅ ነሡ፣ ከዚያ ወደ መኪናቸው ወረዱ።

መንገዱ ሲመረቅ ጥብጣብ ተቆረጠ። እኔ ከሩቅ ነበር የማየው። ከፊተኛው ረድፍ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ አባቴ ተቀምጧል። መርቁልን ተባለና ማይክሮፎን ሰጡት። መንገዱን የበረከት ያድርገው፣ የሚሄድበትን ሁሉ በሰላም ያድርሰው አለ። ያ ሁሉ ሰው፣ ጉብታው ላይ የነበረው ሠራተኛ ጭምር፣ "አሜን" አለ። ያ "አሜን" ከአባቴ መሐላ ይልቅ አስጠልቶኛል። እስኪሞት ድረስ ሽማግሌነቱ አልተነካም። እኔ ነኝ "አባቷን ያዋረደች" የተባልኩት። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቄ ይህ ነገር ሲሰማ ሁለቱም ቀርተዋል።

ሸዋ ሮቢት ቤት ተከራይቼ ወጣሁ፣ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። ማስተርጎም አልተመለስኩበትም። ጥሬ ሥጋ አልቀምስም። ሰው በአደባባይ ባርኔጣውን አውልቆ ሲምል ሳይ ተነሥቼ እወጣለሁ። ወደ ቀወት መሄድ ሲኖርብኝ ያንን ክፍል ከመኪና ወርጄ በዳሩ በእግሬ ነው የማልፈው፤ ሾፌሮቹ ያመኛል ብለው ያስባሉ፣ እኔም አላርማቸውም።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴን ወደ እኔ አመጣኋት። አንድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ በርዶ በር ላይ ተቀምጠን፣ ዓመታት በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኋት። ያንን ሁሉ እያወቅሽ እንዴት አብረሽው ኖርሽ፣ እንዴት ከእጁ በላሽ አልኳት። ልትቆጣ መስሎኝ ነበር።

"ያኔ ሦስት ዓመትሽ ነበር" አለች። "ሆድሽ ተነፍቶ፣ ጠጉርሽ ረግፎ፣ ማልቀስ አቅቶሽ ነበር። የሚሰጡት ስንዴ ለአንተ ነው እንጂ ለቤትህ አይደለም ብለውታል። በብርድ ልብሱ ዋጋ ወተት ተገዛልሽ። ብርድ ልብሱን ወንዝ ወርጄ የማጥበውም እኔ ነበርኩ።"

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን እንደምትመልሱ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት አባቴን ተጸይፌ፣ ሊቀመንበሩን፣ ማናጀሩን፣ "አሜን" ያለውን ሕዝብ ሁሉ ተጸይፌ ኖሬአለሁ፤ ዛሬም አልተውኩትም፣ ምክንያቱም ውሸቱ ውሸት ነው፤ የተራቡትን የገፈፈ እጅ ኋላ ደግሞ በጥጋብ ጊዜ ስለ አጥንታቸው በሐሰት ምሏል። ነገር ግን ከዚያ ከሰዓት ወዲህ እጄን ስታጠብ አንዳንድ ጊዜ እቆምና ክንዴን አየዋለሁ። ሥጋው ከምን እንደተሠራ አሁን አውቃለሁ። ከዚህ ሥጋ ተነሥቼ የምወጣበት በር የለኝም።